አቤት አትበላት

ቂም አልይዝም የሚሉ ሰዎች ያስቁኛል። እኔ እይዛለሁ፤ አያያዙንም አውቅበታለሁ። ከፋሲካ እስከ እንቁጣጣሽ የባሌን እህት እንዴት አድርጌ እንደማቃጥላት ሳስብ ነው የከረምኩት። ልብስ ሳጥብ አስባለሁ፣ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ ተማሪ መጽሐፍ ሲመልስልኝ አስባለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ቆሜም አስባለሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ ልል ነበር፤ ግን ያኔ ይቅር እንዲለኝ አልፈለግኩም።

የባሌ እህት ሀዋሳ ፒያሳ የልብስ ሱቅ አላት። እናታቸው ስትሞት ባሌ ትንሽ ልጅ ስለነበር ያሳደገችው እሷ ናት፤ ያስተማረችው እሷ፣ የዳረችውም እሷ። የራሷ ልጅ የላትም። ይሄን ሁሉ አውቃለሁ፤ ፒያሳ ውስጥ ይሄን ያልነገረኝ ሰው የለም። እኔ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ተቀጥሬ ከወሎ የመጣሁ ነኝ፤ ሀዋሳ ውስጥ ከባሌና ከልጄ ሌላ የኔ የምለው ሰው የለኝም። ፊት ለፊት እትዬ እላታለሁ፣ አንቱ እላታለሁ፣ ስትገባ ከመቀመጫዬ እነሳለሁ። እዚህ ግን ስለማትሰማኝ "እሷ" ትበቃታለች።

ልጄ ሲወለድ ስሙን ያወጡለት አባቴ ናቸው፣ ከወሎ በስልክ። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ ካየሁት ሁሉ በኋላ ሰው እጅ ላይ ልጥለው አልፈልግም። እሷ ስትሰማው አፍንጫዋን ነፋችና "የሽማግሌ ስም" አለች። "ልጁ ሳያድግ አስረጃችሁት።" ጠያቂው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ አራስ ነኝ፣ ምን ላድርግ።

የወሊድ ፈቃዴ ሲያልቅ ሠራተኛ እንቅጠር ብል "እኔ እያለሁ?" አለች። እውነት ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። ጠዋት ሱቋ አደርሰዋለሁ፣ ከሥራ ስወጣ እወስደዋለሁ፤ ሁልጊዜ ጠግቦ፣ ታጥቦ፣ ፀጉሩ ተበጥሮ ነው የማገኘው። ማታ ማታ ምንጣፉ ላይ መኪናውን እየነዳ ግን በሆነ እንግዳ ስም ሲያወራ እሰማው ነበር። እገሌ ነዳ፣ እገሌ ወደቀ፣ እገሌ ተነሳ። የካርቱን ስም መሰለኝ። ሱቋ ውስጥ ቴሌቪዥኑ ቀኑን ሙሉ ክፍት ስለሆነ ከዚያ ያመጣው ነው ብዬ ተውኩት።

ልጄ አራት ዓመት ሊሞላው ሲል፣ ለፋሲካ፣ ሐይቅ ዳር ወዳለው የልጆች መዝናኛ ሄድን፤ እኔ፣ ባሌ፣ ልጄና እሷ። ለልጅሽ አታስቢም የሚለኝ ካለ ይሄን ይስማ፦ ከቤት ሳንወጣ ስልክ ቁጥሬን በእስክሪብቶ ክንዱ ላይ ጽፌለት ነበር። ባጃጅ ውስጥ አየችው። "ልጅ ላይ ይጻፋል እንዴ? ከብት ነው?" አለችና መሐረቧን በምራቋ አርሳ ፈትጋ አጠፋችው። ባሌ በመስኮት ወደ ውጭ ያያል። እኔም ምላሴን ዋጥኩ፤ በዓል ነው ብዬ።

መዝናኛውን በበዓል ቀን ያየ ሰው ያውቀዋል። ባጃጁ ገና ሩቅ ላይ ያራግፈናል፣ ከዚያ በኋላ በእግር መገፋፋት ነው። ፊኛ ሻጭ፣ ፈንዲሻ ሻጭ፣ ሸርተቴው ሥር የተከመረ ጫማ፣ በአበባ ያጌጠ በር አቁሞ "ኑ ተነሱ" የሚል ፎቶ አንሺ፣ በዚያ ሁሉ ላይ ደግሞ ጆሮ የሚበጥስ ሞንታርቦ። ልጅ የሚጠፋው እናቱ ስልኳ ላይ ስታፈጥ ነው ይላሉ። ሐሰት ነው። ልጅ የሚጠፋው እናትም አባትም አክስትም ሲኖሩ ነው። እኔ ከአባቱ ጋር ነው አልኩ፤ አባቱ ከእናቱ ጋር ነው ብሎ ከሥራ ጓደኛው ጋር ወሬ ይዟል። እሷ ደግሞ ከወላጆቹ ጋር ነው ብላ ከደንበኛዋ ጋር ቆማለች።

ለትንሿ ባቡር ሰልፍ ይዤ ሳለ ሞንታርቦው ዘፈኑን አቋረጠ። ማይክ የያዘው ሰውዬ አንድ ልጅ ጠፍቶ እሱ ጋር እንዳለ ተናገረ። የልጁን ስም ጠራ፣ የእናቱን ስም ጠራ። የአገር ልብስ ለብሷል አለ፤ በዚያ ቀን የአገር ልብስ ያልለበሰ ልጅ የለም። የልጁ ስም የሆነ ቦታ የሰማሁት ቢመስለኝም የልጄ አይደለም፣ የእናቲቱም ስም የኔ አይደለም። የባሌ እህት ስም ነበር፤ ግን በዚያ ስም የምትጠራ ሴት ሀዋሳ ውስጥ በየበሩ ስላለች ልቤ አልሄደም። ሰውዬው ደግሞ ጠራ። አሁንም ጠራ።

"ምን ዓይነቷ እናት ናት? ልጇን እየጠሩላት አትሰማም?" አልኩ፣ አጠገቤ ለቆመች ሴት።

"ፎቶ እየተነሳች ይሆናል" አለችኝ። ሁለታችንም አንገታችንን ነቀነቅን።

ትንሽ ቆይቶ ሰልፉ ተከፈለና የባሌ እህት ልጄን ታቅፋ መጣች። ፊቱ ንፍጥና እንባ ብቻ ነው፣ አንገቷ ላይ ተጠምጥሟል። "ልጅ ይዞ እንቅልፍ አለ እንዴ?" አለችኝ፣ ሰልፉ ሁሉ እየሰማ። "ይሄን ያህል ሲጠራ አትሰሚም?"

"መቼ ተጠራ?" አልኩ።

ጀርባውን መታ መታ እያደረገች "አይዞህ" አለችውና በዚያ በካርቱኑ ስም ጠራችው፤ ማይኩ ሲደጋግመው የነበረውም ይኸው ስም ነው። "አቤት" አላት፣ ሳጉ መሀል። ያቺ አብራኝ አንገቷን ስትነቀንቅ የነበረችው ሴት ፊቷን አዞረች።

ልጁን ተቀብዬ ለአባቱ ሰጠሁና ማይክ ወደያዘው ሰውዬ ሄድኩ። ስሙን ማን ነገረህ አልኩት። ራሱ ልጁ ነው አለኝ። የእናቱንስ? እሱንም ራሱ። "ችግር የለም፣ እናቱ መጥታለች፤ ሳልጠይቃት 'እናቱ ነኝ' ብላ ወስዳዋለች" አለና ከላይ እስከ ታች አየኝ። "እርስዎ ምኑ ነዎት?" አፌ ተያያዘ። የወለድኩትን ልጅ እናቱ ነኝ ለማለት አፌ እንዴት እንደሚያያዝ ያልደረሰበት አያውቀውም።

ለካ እኔ ከሱቁ በር እንደወጣሁ ልጄ ሌላ ስም ነበረው። የሱቁ ልጆች፣ ጎረቤቱ፣ ደንበኛው፣ መንገዱ ሁሉ በዚያ ስም ነው የሚጠራው። እኔ ስመጣ ይተዉታል። ባሌም ያውቅ ነበር። "ቁልምጫ እኮ ነው፣ ምን አጠፋች?" አለኝ ማታ። ሰውዬውን ያገባሁበትን ቀን ረገምኩ፤ በሆዴ ነው።

እሷ ግን በሆዷ የምትይዝ አይደለችም። በሳምንቱ ወሬው ፒያሳን ጨርሶ ቢሮዬ ደረሰ። ልጇ በማይክ ሲጠራ ያላወቀች እናት። አንዷ የሥራ ባልደረባዬ "ያቺን ሴትዮ ሰምተሻል?" ብላ ለራሴው ነገረችኝ። ይሄም ሳያንስ ሰኔ ላይ ባሌን ሱቋ አስጠርታ ነገሩን ጨረሰች። ልጁ በመስከረም ኬጂ ሲገባ ፒያሳ ይገባል፤ እሷ ቤት ያድራል፤ እኛ ጋ ቅዳሜና እሁድ ይመጣል። ባሌ ሲነግረኝ ዓይኔን አያይም። "ለደህንነቱ ነው" አለ። "አንቺም ታርፊያለሽ።"

ያን ቃል እስክሞት አልረሳውም። ልጄን ወስደው ዕረፊ ይሉኛል። ደሜ ፈላ፣ ግን አልጮህኩም። ብጮህ "ይኸው፣ ልጅ ማሳደግ የምትችል ናት?" ልትል ነው። "እስቲ እንቁጣጣሽ ይለፍና እናያለን" አልኩት። የተስማማሁ መስሎት ጉንጬን ሳመኝ።

ልጄን ማስተማር የጀመርኩት በዚያው ሳምንት ነው። እራቱን ሳበላው በየጉርሻው መሀል እጠይቀዋለሁ። ስምህ ማን ነው? አባቴ ያወጡለትን ስም ይላል። የእናትህስ? ስሜን ከነአባቴ ይላል። ፒያሳ ያሉት እትዬ ምንህ ናቸው? መጀመሪያ መጀመሪያ "እማ" ይል ነበር፤ እንዴት እንደሚያቃጥል። "አክስቴ" እስኪል ድረስ ጉርሻው አየር ላይ ይቆማል። ይሄን ማንኛዋም እናት ልታስተምር የሚገባት ነው፤ ልጅ የማን እንደሆነ ካላወቀ በዚያ ሰው መሀል ማን ይመልሰዋል? በዚህ ማንም አይወቅሰኝ።

ቀጥሎ ያስተማርኩት ግን ለመጥፋት አይደለም፣ ለሷ ነው። ከጓዳ ሆኜ እሷ ባወጣችለት ስም እጠራዋለሁ። "አቤት" ካለ ዝም እለዋለሁ፣ ፊቴን አዞራለሁ። ዝም ካለ ብስኩት። እትዬ በዚያ ስም ሲጠሩህ አቤት አትበላቸው አልኩት፤ ጨዋታ ነው፣ የኔና ያንተ ብቻ። ልጅ ጨዋታ ሲባል ነፍሱን ይሰጣል። አንዳንዴ "አቤት" አፉ ላይ ሲመጣበት በሁለት እጁ ከንፈሩን ይዞ ይስቅ ነበር። እኔም አብሬው እስቃለሁ።

ሐምሌ ላይ እሷ መጨነቅ ጀመረች። "ልጁ ጆሮው አይሰማም" አለች። ሦስቴ አራቴ ብጠራው እንደ ግንድ ቆሞ ያየኛል ትላለች፣ ብርድ ነው፣ ጉሮሮው ነው፣ ጆሮው ውስጥ የገባ ነገር አለ። ሱቋን ዘግታ ሐኪም ቤት ወሰደችው። ሱቋን የዘጋችው እሷ፣ ለለቅሶ እንኳ በግማሽ ቀን የምትመለሰው። ሐኪሙ በባትሪ አየውና ጆሮው ከኔም ከእርስዎም ይሻላል አላት። ማታ ይሄን ስትነግረን ዓይኗ እንባ አቅሯል። "ታዲያ ለምን አይሰማኝም?" ትላለች። "ልጅ ሲያድግ እልኸኛ ይሆናል፣ እትዬ" አልኳት፣ ሻይ እየቀዳሁላት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

አንድ ተራ የሥራ ቀን ከሰዓት ልጄን ብቻዬን መዝናኛው ወሰድኩት። ሰው የለም፣ ባቡሩም ቆሟል። ከትኬት መስኮቱ ሰውዬው እስከሚቀመጥበት ማይክ ቤት ቀጥ ያለ መንገድ ነው፣ ከፎቶ አንሺው በር ጀርባ ቆመው ሁሉንም ያዩታል። ደጋግመን ሄድንበት። በዚያው ቀን ኃላፊያቸውን አስጠርቼ ልጅን ለመጣ ሁሉ እንደ ሻንጣ ታስረክባላችሁ ወይ ብዬ ጮህኩበት፤ ለፋሲካው ያልጮህኩትን ጨምሬ። ሰውዬው ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ከእንግዲህ የእናት ወይም የአባት መታወቂያ ሳናይ አንሰጥም አለ። ቃሉን እንዲጠብቅ ነው የምፈልገው አልኩት።

እንቁጣጣሽ ደረሰ። ሌሊቱን ዘንቦ ስላደረ ሜዳው ጭቃ ነው፣ ሰዉ ግን ከፋሲካው ይብሳል። ልጄን አዲስ ሸሚዝ አለበስኩት፤ ስልክ ቁጥሬን በአንገትጌው ውስጥ በክር ሰፍቼዋለሁ፤ ይሄን በምራቅ ታጥፋ እስቲ። እሷ ለበዓሉ ያሰፋችውን ቀሚስ ለብሳ፣ ተረከዝ ያለው ጫማ አድርጋ መጣች። ፊቷ ፈክቷል። በሚቀጥለው ሳምንት ልጁ እሷ ቤት ሊገባ ነው፤ አልጋ ገዝታለታለች።

ባሌ ፈንዲሻ ሊገዛ ሄደ። ትኬት መስኮቱ ጋ ስንደርስ የልጄን እጅ ሰጠኋትና "እትዬ፣ እርስዎ ያዙልኝ፣ እጄን ልታጠብ" አልኩ። እጄን ልታጠብ ስል ጨዋታው ተጀመረ ማለት እንደሆነ ልጄ ያውቃል። ዞሬ ከፎቶ አንሺው በር ጀርባ ቆምኩ። ልጄን ለአደጋ ሰጠሁት እንዳትሉኝ፤ ዓይኔን ከሱ ላይ አልነቀልኩም፣ ብሮጥ በአንድ ትንፋሽ እደርስበታለሁ።

ተራዋ ሲደርስ ትኬት ለመቀበል እጁን ለቀቀች። ሁሉም ሰው ይለቃል፤ ያን ጊዜ ነው ልጅ የሚጠፋው። ልጄ እንደተማረው መንገዱን ይዞ ሄደ፣ ሳይሮጥ። ስትዞር የለም። ጎንበስ ብላ ከሰዎቹ እግር መሀል ፈለገች፣ ቀና አለች፣ ከዚያ ጠራችው። በዚያ ስም። ልጄ ሰማ፤ ትከሻው ሲነቃነቅ አየሁ። ቆመ። ዞር ሊል ነው አልኩ። አልዞረም፤ በሁለት እጁ አፉን ይዞ መንገዱን ቀጠለ።

እሷ ወደ ማይኩ ቤት የምትሄድ መስሎኝ ነበር። አልሄደችም። ወደ ሐይቁ ሮጠች። ተረከዟ ጭቃ ውስጥ ገብቶ አንዱ ጫማ ቀረ፤ ጥላው ሮጠች። አጥሩ ያለቀበት ቦታ ላይ ወርዳ፣ አዲሱ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ውሃ ውስጥ፣ ደንገሉን በእጇ እየገለጠች ትጠራዋለች። ድምጿ ከሞንታርቦው በላይ ይሰማኝ ነበር። ሁለት ወጣቶች ሊያወጧት ገቡ፤ ገፈተረቻቸው።

ያኔ ልሄድ እችል ነበር። እትዬ፣ ልጁ ደህና ነው ማለት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። አላልኩም። ትጥራው አልኩ። እኔን ምን ዓይነት እናት ናት ያሰኘችኝ በዚህ ስም ነው፤ እስኪበቃት ትጥራው።

ሞንታርቦው ዘፈኑን አቋረጠ። ልጄን በስሙ ጠራው፣ አባቴ ያወጡለትን ስም፣ ለሐይቅ ዳር ሁሉ። ስሜን ከነአባቴ ጠራ። "ልጁ አክስቱም አብራው እንደመጣች ነግሮናል" ብሎ ጨመረ፣ ሰውዬው ከራሱ። ደንገሉ ውስጥ ሆና ቀጥ ስትል አየኋት። ፀጉሬን አስተካክዬ፣ ቀስ ብዬ ሄድኩ።

ማይክ ቤቱ በር ላይ የቆመው ጥበቃ መታወቂያ ጠየቀኝ፤ አሳየሁት። ልጄ ወንበር ላይ ተቀምጦ እግሩን ያወዛውዛል፣ ከረሜላ ሰጥተውታል። ሳየው ኩራት ተሰማኝ፤ አንዷንም ቃል አላሳሳተ። ባሌ ፈንዲሻውን እንደያዘ ደረሰ። ከኋላው እሷ መጣች፤ በአንድ ጫማ፣ ቀሚሷ ጭቃ በጭቃ፣ ሻሿ ወልቆ። ዘው ልትል ስትል ጥበቃው እጁን ዘረጋባት።

"እርስዎ ምኑ ነዎት?"

አፏን ከፈተች። ቃሉ አፏ ላይ እንደነበረ አውቃለሁ፤ ለፋሲካ ሳትጠየቅ ያለችው ቃል ነው። ልጄ ቀደማት። "አክስቴ ናት" አለ፣ ከረሜላውን ከጉንጩ ወደ ጉንጩ አዙሮ።

ክረምቱን ሙሉ ያዘጋጀሁትን ያኔ አወጣሁት። "ልጅ ይዞ እንቅልፍ አለ እንዴ፣ እትዬ?" ጮክ ብዬም አይደለም። ማይክ የያዘው ሰውዬ ሰማ፣ ጥበቃው ሰማ፣ በሩ ላይ የተሰበሰበው ሰው ሰማ። ባሌ የእህቱን እግር አየ፣ እኔን አየ። ከልጅነቱ ጀምሮ አንድም ቀን እምቢ ብሏት የማያውቅ ሰውዬ፣ "እህቴ፣ ልጁ ከኛው ጋር ይሁን። ትምህርት ቤቱንም እኛው ሰፈር እንፈልጋለን" አላት። በቃ፣ አለቀ። ልጄ የኔ ነው። 

አልተከራከረችም። እኔ እንድትሳደብ ነበር የጠበቅኩት፤ ለሱም መልስ አዘጋጅቼ ነበር። ጥበቃው እጁን ሲያነሳላት ግድግዳውን ይዛ ገባችና ጭቃው ውስጥ በነበረው ጉልበቷ ልጄ ፊት ተንበረከከች። አልነካችውም፤ እጇ ቆሻሻ ስለነበር መሰለኝ ከጀርባዋ ያዘችው። ከዚያ በስሙ ጠራችው። በትክክለኛው ስሙ፣ የሽማግሌ ስም ብላ በሳቀችበት። ከተወለደ ጀምሮ ከአፏ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው፤ ድምጿ ከጩኸቱ የተነሳ ተዘግቶ ነበር።

ልጄ ዝም አለ።

እንደገና ጠራችው። ልጄ አያት፣ ከዚያ እኔን አየ። አልገባውም ብዬ አጠገቡ ጎንበስ አልኩ። "ስምህን ነው እኮ የጠሩህ" አልኩት። "የራስህን ስም። አቤት በላቸው።"

አንገቴን ስቦ አፉን ጆሮዬ ላይ አስጠጋ።

"እሷ ናት እኮ" አለኝ።

በሹክሹክታ ነው ያለው። ክፍሉ ትንሽ ስለሆነ ግን ሰማችው።